የእናት ወተት ከአልጋ ወደ አልጋ

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሦስታችን ለልምምድ ተመድበን፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ስድስት ሳምንት አሳለፍን። የሆስፒታሉን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ያየነው ነገር የዚያ ቤት ብቻ ነገር አይደለምና።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወንድ ልጅ ያለ ቀኑ ተወለደ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነበር። እናቱ ደም አልቆም ብሏት ወደ ሌላ ሆስፒታል በአምቡላንስ ተወሰደች፤ ልጁ ማሞቂያ ውስጥ፣ አያቱ በሩ ላይ ቀሩ። ከማሞቂያው ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ መንታ ወልዳ አንዱ የሞተባት ሴት ተኝታለች። ጡቷ ለሁለት ያዘጋጀውን ወተት አንዱ ልጅ አይጨርስላትም። ሲሞላ ስለሚያማት በየሦስት ሰዓቱ በሳህን እያለበች ትደፋው ነበር። አንድ ጠዋት ነርሷን ጠርታ «ሲስተር፣ ይኼ ከሚደፋ ለዚያ ልጅ ብትሰጡትስ?» አለቻት። ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የቸገራት ሰው ነበረች። «እናቴ፣ ሳይመረመር አይቻልም፤ የሚመረመርበትም ቦታ የለንም» ብላ መለሰችላት። አያትየው ደግሞ «የማላውቃት ሴት ወተት? ኋላ ልጄ ድና ስትመጣ ምን እላታለሁ?» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። በመጨረሻ የልጁ አባት ተበድሮ የቆርቆሮ ወተት ገዛ። በአሥረኛው ቀን የልጁ ሆድ ተነፋ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማሞቂያው ለሌላ ልጅ ተለቀቀ።

የቆርቆሮው ወተት ገደለው አንልም። እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ በብዙ ነገር ይሞታል፤ እኛም ዳኞች አይደለንም። ነገር ግን ያለ ቀናቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ አንጀት እየቈሰለ የሚሞትበት ያ የሆድ በሽታ የዱቄት ወተት በተሰጣቸው ላይ የሌላ እናት ወተት ከተሰጣቸው ይልቅ ወደ እጥፍ በተጠጋ መጠን ይታያል። ይህን ካነበብን በኋላ የዚያች ሴት ሳህን ከዓይናችን አልጠፋ አለ። ወተቱ ሁለት ሜትር መሻገር ለምን አቃተው? የሕክምና ጥያቄ መስሎን ጀመርነው፤ ስንገባበት የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአንዷ እናት ወተት ለሌላዪቱ ልጅ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1750 ገደማ የወጣው የባቢሎኑ የሐሙራቢ ሕግ ስለ አጥቢ ሞግዚት ይደነግጋል። የሰው ልጅ ተሰጥቷት ልጁ የሞተባት፣ ከዚያም ወላጆቹ ሳያውቁ ሌላ ልጅ ስታጠባ የተገኘች ሴት ጡቷ ይቈረጥ ይላል። ጭካኔውን ወደ ጎን እንተወውና፣ ያኔም ቢሆን ዋናው ጭንቀት ምን እንደ ነበረ እንይ፦ ወላጅ ሳያውቅ! የዘፀአትን ታሪክማ ሁላችንም እናውቀዋለን። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከወንዝ አውጥታ አጥቢ ስትፈልግ፣ እኅቱ ሮጣ የገዛ እናቱን ጠርታ አመጣች። የሙሴ እናት የራሷን ልጅ በደመወዝ አጠባች ማለት ነው። ነቢዩ ሙሐመድም በሕፃንነታቸው ያጠባቻቸው ሐሊማ እንደ እናት ትከበር ነበር፤ በእስልምናም ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቈጠሩ አይጋቡም።

በእኛስ አገር? «የጡት ልጅ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ጡት ላይ ወይም አውራ ጣት ላይ ማር ቀብቶ ማጥባት ልጅ የማድረግ ሥርዐት ነበር። በ1840ዎቹ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ መንገደኛ ማንስፊልድ ፓርኪንስ እንደ ጻፈው፣ አዋቂ ሰው ሳይቀር የትልቅ ሰው ጣት ጠብቶ ልጁ መሆኑን ይናገር ነበር፤ ጣቱን ያጠባውም ሰው እንዲረዳው ይገደድ ነበር። ልብ በሉ፣ በዚህ ሥርዐት አንዲት ጠብታ ወተት የለችበትም! ወተቱ ባይኖርም የወተቱ ስም ብቻ ዝምድና ለመፍጠር በቃ። የአያትየው ጥያቄም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ወተት ከሰጠችው ሴትዮዋ ለልጁ ምኑ ልትሆን ነው?

ወተት ሸቀጥ የሆነበት ዘመን ግን ዝምድናውን አራከሰው። በ1780 የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ለኑዋር በከተማይቱ በዓመት ከሚወለዱት 21 ሺህ ያህል ሕፃናት በእናታቸው ጡት የሚያድጉት አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው ብሎ ገምቶ ነበር። ሌላ አንድ ሺህ ያህሉ አጥቢ ሞግዚት እቤታቸው ድረስ ተቀጥራላቸው የሚያድጉ ናቸው። የቀሩት በጋሪ እየተጫኑ ወደ ገጠር ይላኩ ነበር። የባለጸጋ ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የባለሱቁና የሸማኔው ሚስትም ሥራዋን ትታ ማጥባት ስላልቻለች ነው የምትልከው። የገጠሯ ሴት ደግሞ የከተማውን ልጅ ተቀብላ የራሷን ታስጥላለች፤ ወይም ለሁለቱም ሳይበቃ ሁለቱም ይከሳሉ። ከላኩት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ቂጥኝም ከሕፃን ወደ አጥቢ፣ ከአጥቢ ወደ ሕፃን ይዛመት ነበር። ፈረንሳይ ይህን ገበያ የሚቈጣጠር ሕግ ያወጣችው በ1874 ነው።

በብራዚል ነገሩ የባሰ ነበር። ባርነት በ1888 እስኪሻር ድረስ በሪዮ ጋዜጦች ላይ «የምታጠባ ጥቁር ሴት ትከራያለች» ዓይነት ማስታወቂያ መውጣቱ የተለመደ ነበር። ኪራዩን የሚቀበለው ጌታዋ ነው። የራሷ ልጅ የት ደረሰ? ማስታወቂያው ስለዚያ አያወራም። አንባቢ ይህቺን አገር በልቡ ይያዛት፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

በዚህ መካከል ኬሚስቶች ብቅ አሉ። ጀርመናዊው ሊቢሽ በ1860ዎቹ የሰውን ወተት የሚተካ ምግብ ሠራሁ አለ፤ በ1867 ሄንሪ ኔስሌ ስዊዘርላንድ ውስጥ የዱቄት ወተቱን አወጣ። አጥቢ ሞግዚት ውድ ናት፣ በሽታ ታስይዛለች፣ ትኰራለች፤ ቆርቆሮ ዝም ይላል። ከሐኪሞች ወገን ግን ሌላ መንገድ የያዘ ነበር። ፒየር ቡዳ የተባለው የፓሪስ ሐኪም በ1892 እናቶች ከወለዱ በኋላ ልጃቸውን በየጊዜው እያመጡ የሚያስመዝኑበት፣ ስለ ማጥባትም ምክር የሚያገኙበት ክሊኒክ ከፈተ። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ቡዳ «ወተቱን በምን እንተካው?» አላለም፤ «ሴትዮዋን ምን ብናግዛት ወተቷ ይቀጥላል?» ነው ያለው። የዚህ ታሪክ ቀሪው ክፍል ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የሚደረግ ጉተታ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የመጀመሪያው የእናት ወተት ባንክ በ1909 በቪየና ተከፈተ። የከፈተው ቴዎዶር ኤሼሪሽ ነው። የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች ስሙን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ያቺ ኢ. ኮላይ የምትባለዋ የአንጀት ባክቴሪያ በስሙ የተሰየመችው እርሱ ስላገኛት ነው። በሕፃናት ሆድ ውስጥ ያለውን ሲመረምር የኖረ ሰው የሕፃናትን ምግብ ሊያደራጅ መነሣቱ አይገርምም። በተከታዩ ዓመት በቦስተን ፍሪትዝ ታልቦት የተባለ ሐኪም ለታመሙ ሕፃናት አጥቢ ሴት ፍለጋ ከተማውን መዞር ቢሰለቸው የአጥቢዎች መዝገብ አቋቋመ። ቀስ እያለ ከሴቲቱ ይልቅ የታለበው ወተት ብቻ በጠርሙስ መምጣት ጀመረ። በጀርመን ደግሞ ማሪ ኤሊዘ ካይዘር የምትባል የሕፃናት ሐኪም በ1919 ማግደቡርግ ላይ ባንክ ከፈተች። በ1934 በካናዳ አምስት ሴት ልጆች በአንድ ጊዜ ተወልደው በሕይወት ሲቈዩ ዓለም ጉድ አለ፤ ከቶሮንቶና ከሌሎች ከተሞች የእናቶች ወተት በባቡር እየተጫነ ይላክላቸው ነበር።

ታዲያ እንዲህ የተጀመረ ነገር ለምን ከሰመ? አንደኛው መልስ ቆርቆሮው ነው። የዱቄት ወተት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረከሰ፣ ተሻሻለ፣ ማስታወቂያው ሆስፒታል ድረስ ገባ። ነጭ የለበሱ ሻጮች በየወሊድ ክፍሉ ናሙና ያድሉ ነበር። የጃማይካዋ ተወላጅ ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ፣ በጎልድ ኮስት ሳለች «ኳሺኦርኮር» የሚባለውን የሕፃናት የምግብ እጥረት በሽታ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው፣ በ1939 ሲንጋፖር ላይ «ወተትና ነፍስ ግድያ» የሚል ርዕስ ያለው ንግግር አደረገች። ለጨቅላ የማይሆን ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ለድሃ እናቶች ማሻሻጥን ግድያ ነው አለች፤ ያውም የንግዱ ሰዎች በብዛት በሚገኙበት ስብሰባ ላይ! ሰሚ ያገኘችው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በ1974 አንድ የእንግሊዝ ድርጅት ጕዳዩን በትንሽ መጽሐፍ አወጣው፤ በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ላይ የአትግዙ ዘመቻ ተጀመረ፤ በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ገበያ የሚገድብ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመች አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ አሜሪካ። ስለዚህ ፍልሚያ ብዙ የተጻፈ ስላለ እዚህ አንገፋበትም። አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ቆርቆሮን መከልከል ብቻውን ጡት ውስጥ ወተት አያመጣም።

ሁለተኛው መልስ ፍርሃት ነው። በ1985 የኤድስ ቫይረስ በእናት ወተት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ዜና ሲወጣ በአሜሪካም በእንግሊዝም ብዙ ባንኮች ተራ በተራ በራቸውን ዘጉ። ኋላ ወተቱን በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ቫይረሱን እንደሚገድለው ተረጋገጠ። በር መዝጋት ግን ቀላል ነው፤ መልሶ መክፈት ዓመታት ወሰደ።

አሁን ወደ ብራዚል እንመለስ። በዚያው ሌላው ዓለም ባንኩን በሚዘጋበት በ1985 ብራዚል ባንኳን እንደ አዲስ ጀመረች።

የብራዚል የመጀመሪያው ባንክ በጥቅምት 1943 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነበር የተከፈተው። እስከ 1980ዎቹ ግን ወተቱ እንደ መድኃኒት የሚታይ፣ ለጥቂት ለባሰባቸው ልጆች ብቻ የሚሰጥ ነገር ነበር። ለጋሾቹም በአብዛኛው ድሆች ነበሩ፤ ለሰጡት ወተት የምግብ እሽግ ወይም ሌላ ማካካሻ ይሰጣቸዋል። እስቲ አስቡት፤ ልጇን ለመመገብ ወተቷን የምትሸጥ እናት! ወተቱን ለሌላ በሰጠች ቁጥር የራሷ ልጅ ይጐድልበታል። ያ የ1888ቱ የጋዜጣ ማስታወቂያ መልኩን ለውጦ ነጭ ካፖርት ለብሶ ተመለሰ ማለት ይቻላል። (ይህ አባባል ከመካከላችን አንዱን አላስማማውም። «ባርነትና የምግብ እሽግ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ሞግቶናል። አንድ አይደሉም፤ ግን ወንድማማቾች ናቸው ብለን ትተነዋል።)

በ1985 ጆዋን አፕሪጂዮ ጌራ ዴ አልሜይዳ የተባለ ወጣት ኬሚስት ሪዮ ወደሚገኘው ወደዚያው ተቋም መጣ። ሐኪም አልነበረም። የሙያው ነገር የምግብ ሳይንስ ነበረና ችግሩን እንደ ወተት ፋብሪካ ሰው አየው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ውድ ነው? እንግዲያው የፈጣን ቡና እና የማዮኔዝ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ክዳን ያለው፣ ታጥቦ ተቀቅሎ ይበቃል። ወተቱ መበላሸቱን እንዴት እናውቃለን? የላም ወተት ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት የአሲድነት መለኪያ አለ፤ በርካሽ ኬሚካል ጥቂት ጠብታ ወስዶ መለካት ይቻላል፤ በዚያ መለኪያ ከ8 ያለፈው ይደፋል። የቀረው ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ገና ተመርምሮ በረዶ ቤት ይገባል። ያልሞቀው በረዶ ሆኖ እስከ 15 ቀን፣ የሞቀው እስከ ስድስት ወር ይቈያል። ቅባቱም ይለካል፤ ምክንያቱም ብዙ ኃይል የሚያስፈልገው ልጅ ቅባት የበዛበትን ወተት ማግኘት አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ዘዴ ነው፤ ዋናው ለውጥ ሌላ ነበር። ባንኩ ወተት የሚሰበሰብበት ቤት መሆኑ ቀርቶ፣ ማጥባት የተቸገረች ሴት ሁሉ የምትታገዝበት ቤት ሆነ። ጡቷ የደደረባት፣ ጫፉ የተሰነጠቀባት፣ «ወተቴ አልበቃም» ብላ ያለቀሰች፣ ሥራ ልትመለስ ሆና የተጨነቀች ሁሉ ትመጣለች። ሙያተኛዋ ከጐኗ ቁጭ ብላ የልጁን አፍ ታስተካክልላታለች፣ በእጇ እንዴት እንደምታልብ ታሳያታለች። ከመቶ ሴት መካከል ጥቂቶቹ ከልጃቸው የተረፈ ወተት ይኖራቸዋል፤ ባንኩ የሚጠይቀው ያንን ትርፍ ብቻ ነው። ለጋሽ ከመታገዝ በኋላ ነው የምትወለደው። በ1988 የወጣ መመሪያ ደግሞ ወተቱን መሸጥና መግዛት ፈጽሞ ከለከለ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አደረገ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዓመት መውጣታቸው ለእኛ አጋጣሚ ብቻ አይመስለንም፤ ቤቷ ያልዋለች ሴት ምን ትርፍ ይኖራታል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስንሰማ የቀናንበት ነው። በዋና ከተማይቱ በብራዚሊያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጠርሙስ ይሰበስባሉ። በሴአራ ክፍለ ሀገር በ1990ዎቹ ፖስታ አዳዮች ሠልጥነው ደብዳቤ ሲያደርሱ አራስ ያለችበት ቤት ቆም ብለው ስለ ማጥባት ያስረዱ ነበር። ፖስታ አዳይ! ፖለቲከኛ ሳይሆን፣ ሰባኪ ሳይሆን፣ በየቀኑ በሩን የሚያንኳኳው ሰው። በ2001 የዓለም ጤና ድርጅት የሳሳካዋን ሽልማት ለዚህ የባንኮች መረብ ሰጠ፤ በዓለም ካሉት የዚህ ዓይነት መረቦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ከ200 በላይ ባንኮች አሉት። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ የብራዚል ሕፃን በአማካይ ጡት የሚጠባው ለ2.5 ወር ነበር፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ 11 ወር ደረሰ። ይህ የባንኮቹ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሬዲዮው፣ የሕጉ፣ የፈቃዱ፣ የቆርቆሮ ማስታወቂያ መገደቡም ነው። ቢሆንም ባርያ ሴት ለማጥባት ትከራይ የነበረበት አገር ወተት የማይሸጥበት አገር ለመሆን መቶ ዓመት በቃው።

አሁን ወደ አያትየው ጥያቄ፤ «ኋላ ምን እላታለሁ?»

ይህን ጥያቄ የብራዚል መንገድ አይመልሰውም፤ እዚያ ወተት ዝምድና አይቈጠርበትም። በእስልምና ግን ይቈጠራል፤ የአገራችን ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ ሙስሊም ነው። የብዙ እናቶች ወተት ተደባልቆ ማን ለማን እንዳጠባ ካልታወቀ፣ ልጆቹ ሲያድጉ ሳያውቁ እኅታቸውን ሊያገቡ ይችላሉ የሚል ሥጋት አለ። በ1983 ኩዌት በተደረገ ጉባኤ ዩሱፍ አልቀረዳዊ፣ ከጠርሙስ መጠጣት ከጡት እንደ መጥባት ስላይደለ ይፈቀዳል ብለው ተከራከሩ። በ1985 ጅዳ ያለው የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ጉባኤ ግን በሙስሊሙ ዓለም እንዲህ ያሉ ባንኮች እንዳይቋቋሙ ወሰነ። ክርክሩ ወረቀት ላይ አልቀረም። ባንግላዴሽ ውስጥ በ2019 መጨረሻ ሊከፈት የነበረ ባንክ በዚሁ ምክንያት ታገደ። ኢራን በ2016 ታብሪዝ ላይ ከፈተች፤ ሲንጋፖርም በ2017። አንዳንድ አገሮች የሄዱበት መንገድ ቀላል ነው፦ ወተቱን አለመደባለቅ፣ የለጋሿንና የተቀባዩን ስም መዝግቦ መያዝ፣ ሁለቱን ቤተሰብ ማስተዋወቅ።

ይህን ስናነብ ሳቅ አልን። የጡት ልጅነት ማለት ይኸው አይደለም ወይ? ማን ማንን እንዳጠባ የሚያውቅ፣ የሚመሰክር፣ ግዴታውንም የሚሸከም ሥርዐት እኮ ነበረን። የቪየናው ባንክ ስም የለሽ ጠርሙስ ፈጠረ፤ እኛ ዘንድ ግን ስም ሞልቶ ጠርሙሱ ነው የጠፋው።

ባህላችን ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ «ቈሻሻ ነው» ብሎ አልቦ የሚደፋ ቤት ዛሬም አለ። ለተወለደው ልጅ ከጡት በፊት ቅቤ የሚያልስም አለ። እንገር የልጁ የመጀመሪያ ክትባት እንደ ማለት ነው ብትላቸው የላሟን ጥጃ ያስታውሱና ይስማማሉ፤ ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠና ገበሬ ሁሉ ያውቃልና። በሌላ በኩል ለአራስ አጥሚት ይዞ የሚመጣ ጐረቤት፣ ገንፎው፣ «ተኚ፣ አትነሺ» የሚላት አማት፣ ይህ ሁሉ ቡዳ በ1892 ክሊኒክ ከፍቶ የፈለገውን ዓይነት እገዛ ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡ ነበሩ። ከብራዚል የ1970ዎቹ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር የተሻለ መነሻ ነው። ችግሩ አጥሚቱ እቤት መቅረቱ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለሦስት ሳምንት ማሞቂያ ሥር ለሚተኛ ልጅ እናት ማን አጥሚት ያመጣል? ወንበር እንኳ የላትም። ልጇ ገና መጥባት ስለማይችል ካላለበች ወተቷ ይደርቃል፤ እንዴት እንደምታልብ የሚያሳያት ሰው ከሌለ አታልብም። የደረቀው ወተት ብዙ ጊዜ የደረቀው በሰው እጥረት ነው።

ሕጉም ለሁሉም አይደርስም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የቤት ሠራተኛዋ ግን በዚያ አዋጅ ውስጥ የለችም። የሌላ ሴት ልጅ አዝላ ስታባብል የራሷ ልጅ ገጠር ከአያቱ ጋር በላም ወተት ያድጋል። ቤይሩትና ሪያድ የሄዱት እኅቶቻችን ነገርም ያው ነው። የፓሪሱን ጋሪ ስናነብ እነርሱ ትዝ ያሉን ለዚህ ነው።

«ባንክ ሲባል ስንት ሚሊዮን ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቀን ይኖራል። ኬፕ ቨርዴ በብራዚል እርዳታ በ2011 ከፍታለች፤ ኬንያ በ2019 ናይሮቢ ውስጥ በሚገኘው በፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል ከፍታለች። እነዚህ መሣሪያ ያላቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካውያን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነገርም ሞክረዋል። ፕሪቶሪያ ላይ የተፈለሰፈው ዘዴ እንዲህ ነው፦ አንድ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ይፈላል፤ ከእሳት ይወርዳል፤ ወተቱ ያለበት ክዳን ያለው ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጡ ይቀመጣል፤ 20 ደቂቃ ይቈያል። በዚህ ጊዜ ወተቱ ከ56 እስከ 62 ዲግሪ ይደርሳል፤ የኤድስ ቫይረስም በዚህ እንደሚሞት ታይቷል። መብራት አያስፈልገውም፤ ከሰልም ይሆናል። ይህ የለጋሿን የደም ምርመራ አይተካም፤ እርሱ ግን ለነፍሰ ጡር ክትትል በየጤና ጣቢያው የሚደረገው ነው። የዚያች መንታ የወለደች ሴትም ካርዷ ላይ ውጤቱ ተጽፎ ነበር። አይተነዋል፤ ኤድስ የለባትም፣ ቂጥኝ የለባትም፣ የጉበት ቫይረስም የለባትም።

ልምምዳችን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴትዮዋ በሕይወት የቀረላትን ልጅ ይዛ ወጣች። ስትወጣ ያንን ልጅ ጠየቀችን፤ ነገርናት። ጥቂት ዝም ብላ «ስሙ ማን ነበር?» አለችን። አርባ ቀኑ ስላልደረሰ የክርስትና ስም አልነበረውም፤ ካርዱም ላይ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ የእናቱ ስም ብቻ ነበር የተጻፈው። ያንኑ ነገርናት።